ምስጢር መጠበቅና አማና መጠበቅ ይጋጫሉን?

ባለፈው ዓመት ከሐጅ ጉዞ ሁለት ወር ገደማ አስቀድሞ ነው። መርካቶ አካባቢ ካለ አንድ መስጊድ የዒሻን ሶላት ሰግደን ስንወጣ፣ በዓይን ብቻ የማውቀው ወጣት ጫማዬን እስካጠልቅ ጠበቀና «ትንሽ ላስቸግርዎት» አለኝ። በአንድ የቤት ዕቃ አስመጪ ዘንድ ስድስት ዓመት የመጋዘን ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል። አራት ወር ሙሉ ሌላ ሥራ ሲያፈላልግ ቆይቶ በአንድ ድርጅት የጽሑፍ ፈተናውን አልፏል፤ ቃለ መጠይቁንም ጨርሷል። የቀረው የቅጥር ደብዳቤው ብቻ ነው። በሥራ ቦታው ይህን የሚያውቅ ነፍስ የለም።

በዚህ መሐል አሠሪው ቢሮ ጠርተውት «አላህ ቢልልኝ ዘንድሮ ሐጅ ልሄድ ነው፤ ወረቀቱም አልቋል። አርባ ቀን ያህል እቆያለሁ። አንተ ባትኖር ኖሮ ከዚህ ወንበር አልነሣም ነበር» ይሉታል። ሰውዬው ይህን ፈርድ ለመወጣት ለዓመታት ሲመኙ የኖሩ ናቸው። ልጁም «ኢንሻአላህ ጋሼ፣ ምንም ችግር የለም» ብሎ ወጣ።

«ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም» አለኝ። «ያቺ ኢንሻአላህ ያልኳት እውነት ናት ወይስ ውሸት?»

ውድ አንባቢ፣ እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም፤ ፈትዋ ከባለቤቶቹ ከዑለማዎቻችን ይጠየቃል። ነገር ግን ጥያቄው የዚያ ወጣት ብቻ አይደለም። በዚህ ከተማ ደመወዙ የወሩን ቤት ኪራይ የማይሸፍንለት፣ ማታ ማታ የሥራ ማስታወቂያ በስልኩ የሚያገላብጥና ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ ለአሠሪው ሰላምታ የሚሰጥ ስንቱ ነው? ይህ ሰው ከሐዲ ነውን?

ሁለት ዓይነት መልስ እንሰማለን። አንደኞቹ «እንጀራውን እየበላህ ከኋላው ሌላ በር ማንኳኳት ክህደት ነው» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «እሱ ሊያባርርህ ሲፈልግ መቼ ያማክርሃል? ደመወዝህን ተቀበልና በማግስቱ ጥፋ» ይላሉ። ሁለቱም አባባሎች ጥያቄውን ከሥሩ የመረመሩት አይመስለኝም። የመጀመሪያው ሠራተኛውን ባሪያ ያደርገዋል። ሁለተኛው ደግሞ የአሠሪውን በደል ለራስ በደል ፈቃድ ያደርገዋል።

ቅጥር ውል ነው። የተቀጠረ ሰው የሸጠው የተወሰነ ሰዓቱንና የተወሰነ ጉልበቱን ነው። የነገ ሐሳቡን አልሸጠም፤ ሪዝቁ ከየት እንደምትመጣ የመፈለግ መብቱንም አልሸጠም። ያልተፈጸመን ነገር ለሰው አለመናገር በዲናችን የታወቀ ጥበብ ነው። ነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ልጃቸው ዩሱፍ ያየውን ሕልም ለወንድሞቹ እንዳያወራ እንዳስጠነቀቁት በሱረቱ ዩሱፍ መጀመሪያ ላይ እናነባለን። ሕልሙ እውነት ነበር፤ ወንድሞቹም የገዛ ሥጋው ነበሩ። ቢሆንም ሰዓቱ አልደረሰምና ዝም ማለቱ ተገቢ ሆነ። (ጉዳዮችን በምስጢር ስለመከወን በየአፉ የሚነገረውን ሐዲስ እዚህ ላይ መደገፊያ አላደረግሁትም። በዘገባው ሰንሰለት ላይ ዑለማዎች ተከራክረውበታልና።)

አንዳንዱ ሰው ምስጢሩን የሚይዘው ሐሰድንና የሰው ዓይንን ፈርቶ ብቻ ነው። እኔ ግን ከዚያ ይልቅ ተራ የሚመስለው ምክንያት ይበልጥ ይከብድብኛል። ወሬ በመርካቶ ከሰው ቀድሞ ይደርሳል። ጠዋት ለጓደኛ በሹክሹክታ የተነገረው ከዙህር በፊት አሠሪው ጆሮ ውስጥ ነው። ያኔ አዲሱ ሥራ ሳይገኝ የድሮው ፊት ይጠቁራል፤ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ግን አይጠብቁም። ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ለእነሱ ሲል ዝም ቢል ማንንም አልበደለም። ኢስቲኻራ ሰግዶ፣ ምክሩን ከሚያውቅና አፉን ከሚይዝ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር መክሮ መፈለግ ይችላል።

ዝምታ ሐላል ከሆነ ወሰኑ የት ላይ ነው? እኔ ለዚህ ከሂጅራው ሌሊት የተሻለ መምህር አላገኘሁም።

በ622 እ.ኤ.አ. የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ የወጡት በፍጹም ምስጢር ነበር። ቁረይሾች ሊገድሏቸው ተማክረዋል። አቡ በክር (ረ.ዐ) ሁለት ግመሎችን ከወራት በፊት አዘጋጅተው ይቀልቡ ነበር። መዲና በሰሜን ሆና ሳለ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ደቡብ፣ ወደ ሠውር ዋሻ ነበር፤ እዚያም ሦስት ሌሊት ቆዩ። መንገድ እንዲመራቸው በክፍያ የቀጠሩት ዐብደላህ ኢብን ዑረይቂጥ የቁረይሾችን እምነት የሚከተል ሰው ነበር። ሆኖም ምስጢሩን ጠብቆ በተቀጠረበት ሌሊት ግመሎቹን ይዞ ከዋሻው ደረሰ። ሙስሊም ያልሆነ ቅጥረኛ ቃሉን ጠብቆ መገኘቱ ለብዙዎቻችን የሚያሳፍር ትምህርት አለው፤ ለጊዜው ግን ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

በዚያው ሌሊት ሌላም ነገር ተፈጽሟል። የመካ ሰዎች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በዲናቸው ቢቃወሟቸውም ታማኝነታቸውን ስለሚያውቁ ንብረታቸውን እሳቸው ዘንድ ያስቀምጡ ነበር። እሳቸው ሲወጡ ዓሊን (ረ.ዐ) ወደ ኋላ አስቀርተው አማናውን ሁሉ ለየባለቤቱ እንዲመልሱ አደረጉ። ዓሊም ይህን ጨርሰው ነው የተከተሏቸው። ልብ በሉ! ከባለ አማናዎቹ መካከል ሞታቸውን የሚሹ ነበሩ። «ካሳደዱኝ በኋላ የምን አማና?» ማለት ለሰው ሚዛን የቀለለ ምክንያት ነበር። እሳቸው ግን የሚሄዱበትን መንገድ ሸሸጉ እንጂ የማንንም ዕቃ አልሸሸጉም።

ወሰኑ እዚህ ላይ የተቀመጠ ይመስለኛል። ወዴት እንደምሄድ የእኔ ጉዳይ ነው። በእጄ ያለው የሰው ሐቅ ግን የእኔ አይደለም። ምስጢሬ የመጀመሪያውን ይሸፍናል፤ ሁለተኛውን መሸፈን ሲጀምር ምስጢር መሆኑ ቀርቶ ኺያና ይሆናል።

ከሐቆች ሁሉ ቀዳሚው እውነት ነው። በሂጅራው መንገድ ላይ አቡ በክርን (ረ.ዐ) የሚያውቋቸው ሰዎች አብሯቸው ያለው ሰው ማን እንደሆነ ሲጠይቋቸው፣ መንገድ የሚመራቸው ሰው መሆኑን ይመልሱ ነበር። ጠያቂው የበረሃውን መንገድ ያስባል፤ እሳቸው የሚሉት የመልካሙን ጎዳና ነው። ዑለማዎች ይህንን ዓይነት አነጋገር ተውሪያ ይሉታል። ውሸት አልተነገረም፤ ምስጢርም አልወጣም።

የኛ ሰው ግን ቃለ መጠይቅ ሲኖርበት ምን ያደርጋል? ጀናዛ ይፈጥራል! አክስቱን በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ የቀበረ ሰው አውቃለሁ። ሌላው ከሚያውቀው ክሊኒክ የሕመም ፈቃድ ያጽፋል። ይህ ዝምታም ተውሪያም አይደለም፤ ጥርት ያለ ውሸት ነው፤ የሐኪሙንም እጅ አብሮ ያስገባል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ከእሱ ላይ ግማሽ ቀን ጠይቆ «የግል ጉዳይ አለብኝ» ማለት ምን ይከብዳል? እውነት ነው፤ የግል ጉዳይ ነውና። የግል ጉዳዩ ምን እንደሆነ የሚመረምር አሠሪ ቢያጋጥም «ሲያልቅ እነግርዎታለሁ» ይባላል።

የካዕብ ኢብን ማሊክን (ረ.ዐ) ታሪክ ብዙዎቻችን በዳዕዋ ሰምተነዋል። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ከተቡክ ዘመቻ የቀሩ ከሰማንያ የሚበልጡ ሰዎች እየመጡ ሰበብ ሲያቀርቡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የውጫቸውን ተቀብለው የውስጣቸውን ለአላህ ተዉት። ካዕብ ግን ንግግር አዋቂ ሆነው ሳለ ምንም ምክንያት እንደሌላቸው ተናገሩ። ለዚያ እውነት ሃምሳ ሌሊት ሰው ሳያናግራቸው ቆዩ፤ ከዚያ በኋላ ተውባቸው መቀበሉ በቁርኣን ወረደ። የሐሰት ሰበብ በዕለቱ ይሠራል። ችግሩ መሥራቱ ነው፤ አንድ ጊዜ የሠራ ሰበብ ሁለተኛውን ይወልዳልና።

አሁን ወደ ወጣቱ «ኢንሻአላህ» እንመለስ። በሱረቱል ከህፍ ይህች ቃል የተሰጠችን ነገ አንድ ነገር አደርጋለሁ ስንል ጉዳዩን ወደ ባለቤቱ እንድንመልስ ነው። ማለትም ለማድረግ ያሰበ ሰው አደብ ናት። ላለማድረግ ያሰበ ሰው መደበቂያ ስትሆን ግን የአላህን ስም የውሸት መጋረጃ ማድረግ ይሆናል። በየቀኑ እንደምንሰማው በከተማችን ከቀጠሮ ማምለጫ ሆናለች፤ ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ይህ ወጣት ግን ላለማድረግ አላሰበም፤ አያውቅም ነበር። ደብዳቤው ላይመጣም ይችላል። ስለዚህ ውሸታም ነህ አላልኩትም። ነገር ግን የዝምታው ዓይነት ከዚያ ቀን በኋላ ተለውጧል ብዬ አምናለሁ። እስከዚያ ድረስ ዝምታው ራሱን ብቻ የሚመለከት ነበር። አሠሪው «አንተ ባትኖር አልነሣም ነበር» ካሉት በኋላ ግን ሰውዬው በዚያ ዝምታ ላይ ሕንፃ እየሠሩበት ነው። በጎረቤት ዝምታ ላይ ግድግዳ የሚያቆም ሰው ሲታይ መሬቱ ጉድጓድ እንደሆነ የሚያውቅ ዝም ሊል ይችላልን? የዕድሜ ልክ ምኞታቸው የሆነውን ሐጅ በዐረፋ ላይ ቆመው የመጋዘን ቁልፍ ሲያስቡ እንዲውሉ ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ የነገርኩት ይህን ነው። ደብዳቤው በእጅህ እስኪገባ ድረስ ሥራ እያፈላለግህ መሆኑን የመናገር ግዴታ አይታየኝም። ይልቅስ ነገውኑ «ጋሼ፣ አርባ ቀን ረጅም ነው፤ ሰው ይታመማል፣ ይሞታልም፤ ሁለተኛ ሰው ቁልፉንና መዝገቡን አውቆ ቢቆይ ይሻላል» በላቸው። ይህም እውነት ነው፤ መልቀቅ ባታስብም ልትለው የሚገባህ ነበር። ደብዳቤው የመጣ ዕለት ግን አውሮፕላን ሳይሳፈሩ ቤታቸው ሄደህ ንገራቸው። «ቢቆጡስ?» አለኝ። ይቆጡ። «አዲሱ ቦታ ሠላሳ ቀን አልጠብቅም ብሎ ቢያመልጠኝስ?» ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አያመልጥህም ብዬ ዋስ ልሆነው አልችልም፤ እውነት የተናገረ ሰው ሁሉ በዱንያ አተረፈ የሚል የተስፋ ቃል የለንም።

ሠላሳው ቀን የመጣው ከሕጉ ነው። ከላይ የጠቀስነው አዋጅ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ሊያቋርጥ እንደሚችል ይደነግጋል። ሙስሊም ለገባው ውል መታመን ያለበት ሕጉ ስለሚቀጣው ብቻ አይደለም። በተለይ መጋዘን፣ ካዝና ወይም መኪና የተረከበ ሰው ዋስ አለው። ዋሱ ብዙውን ጊዜ አጎት ወይም የሰፈር ሰው ነው፤ በመልካም ልብ ፈርሞ የረሳ ነው። ያለ ቆጠራና ያለ ርክክብ የጠፋ ሠራተኛ ከአሠሪው ብቻ አይደለም የሚያመልጠው፤ ያንን ምስኪን በፖሊስ ጥሪ ላይ ጥሎ ነው። ከመልቀቅ በፊት የቢን ካርዱ ከዕቃው ጋር መመሳከር አለበት፤ በዱቤ የወጣው ከነባለዕዳው ስም ተጽፎ መሰጠት አለበት፤ የዋስትናው ወረቀትም ተመላሽ መሆን አለበት።

የደንበኞች ስልክ ቁጥርስ? ይህን ብዙዎች አያስቡትም። በአሠሪው ወንበር ተቀምጦ፣ በአሠሪው ዕቃ ያፈራውን ደንበኛ በመጨረሻው ሳምንት በስልኩ ገልብጦ ለአዲሱ ቤት የሚወስድ አለ። ሙያህን ይዘህ ሂድ፤ ሙያህ ያንተ ነው። ማን ምን ያህል በዱቤ እንደወሰደ፣ አሠሪህ በስንት ገዝቶ በስንት እንደሚሸጥ ግን በአማና የሰማኸው ነው።

ይህን ስጽፍ የራሴም ትዝ ይለኛል። በወጣትነቴ ከአንድ ቤት የለቀቅሁት ደመወዝ በተቀበልኩ ማግስት ቁልፉን በዘበኛው እጅ ልኬ ነው። በደል ነበረብኝ ብዬ አስብ ነበር፤ ነበረብኝም። ከዓመታት በኋላ ባለቤቱን በአንድ ጀናዛ ላይ ሳያቸው ከሰልፉ ኋላ ተደበቅሁ። አፉ በሉኝ ለማለት ስዘገጃጅ ሰውዬው ሞቱ። ያ ቁልፍ እስከ ዛሬ በኪሴ ያለ ይመስለኛል።

እርግጥ አወጣጥ ሁሉ አንድ አይደለም። በሱረቱል ቀሶስ ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) ሁለት ጊዜ አገር ይለቃሉ። ከግብጽ ሲወጡ ሹማምንቱ ሊገድሏቸው እየመከሩ ነበርና ማንንም ሳይሰናበቱ፣ እየፈሩና ወደ ኋላ እየተገላመጡ ነበር የወጡት። ከመድየን ሲወጡ ግን ከሽማግሌው ጋር የተዋዋሉትን ዘመን ጨርሰው፣ ቤተሰባቸውን ይዘው ነው። ስምምነቱ ስምንት ዓመት ሲሆን አሥር መሙላት በፈቃዳቸው ነበር፤ ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ረጅሙን እንደሞሉ ተናግረዋል። ስለዚህ በዓረብ አገር ፓስፖርቷ ተቀምቶ፣ ደመወዟ ተይዞ፣ ክብሯ ተነክቶ በር ሲከፈትላት የወጣችን እህት «ሳትሰናበት ሄደች» ብሎ የሚወቅስ ሰው አላህን ይፍራ። የእሷ መውጣት የግብጹ መውጣት ነው። የአገራችንም ሕግ ክብርን የሚነካ ድርጊት ሲፈጸም ወይም ደኅንነትን የሚያሰጋ አደጋ ተነግሮ አሠሪው ችላ ሲል ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅን ፈቅዷል። ችግሩ ብዙዎቻችን ያለነው መድየን ሆኖ ሳለ አወጣጣችንን የግብጽ ማድረጋችን ነው።

አሠሪዎችም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። ሠራተኛ ለምን ይደበቃል? ትናንት የመልቀቂያ ደብዳቤ ያስገባ ጓደኛው በዚያው ሰዓት ዕቃውን ሰብስቦ እንዲወጣ ሲደረግ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ ለማግኘት ሦስት ወር ሲመላለስ ስላየ ነው። የሠራተኛው ሒሳብ ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል እንዳለበት፣ የሥራ ልምድ ማስረጃም ያለ ክፍያ እንደሚሰጥ አዋጁ ይናገራል። በመስጊድ የመጀመሪያውን ሶፍ የሚይዝ፣ በረመዷን ብዙ የሚሰደቅ ነጋዴ የአንድን የለቀቀ ልጅ የአሥራ አምስት ቀን ደመወዝ ሲይዝ ማየት ያማል። ሠራተኛው በግልጽ እንዲለቅ የሚፈልግ አሠሪ አስቀድሞ በግልጽ መልቀቅን የማያስቀጣ ያድርገው።

ደብዳቤው የመጣው አሠሪው ሊሄዱ አሥራ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነው። ወጣቱ ከመግሪብ በኋላ ዋሱ የሆነውን አጎቱን ይዞ ቤታቸው ሄደ። በዚያ ጊዜ የአሠሪው የወንድም ልጅ ቁልፉንና መዝገቡን መለማመድ ጀምሮ ነበር። ሰውዬው ደብዳቤውን አንብበው ብዙ ዝም አሉ። በመጀመሪያ የጠየቁት ስንት ብር እንደጨመሩለት ነበር። ነገራቸው። «እኔ ይህን አልከፍልም» አሉና እንደገና ዝም አሉ። ከዚያ «በል ቆጠራውን ነገ ማታ እንጀምር» አሉት።

ቆጠራው አራት ማታ ፈጀ። ሁለት ካርቶን ብርጭቆ ጎደለ። ወጣቱ ከመጨረሻ ደመወዜ ይቆረጥ አለ፤ እሳቸው አይሆንም አሉ፤ በመጨረሻ በአንዱ ካርቶን ተስማሙ። አዲሱ ድርጅት ሠላሳውን ቀን ለመጠበቅ እሺ ያለው በስንት ልመና ነው። ሰውዬው በተነሡበት ጠዋት ወጣቱ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኝቷቸው፣ አፉ ተባብለው፣ ወደ መጋዘኑ ተመልሶ የቀሩትን አሥራ ዘጠኝ ቀናት ሠራ።